ማን ሞተብሽ?

ስንሻው ራዲዮ ጠጋኙ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ባለቤቱ ያልተመለሰለትን ቴፕ ሆዱን በመፍቻ ቀዶ
አንድ ካሴት አወጣ፤ ልጣፉ የወለቀ፣
ቤቱ የጠፋበት፣ ክሩ የተጠለፈ፣ የታነቀ።
«የድልድይ መሐንዲስ ሾፌር ነው የጣለው፤ ከዓባይ በረሃ።
እኔ አልገባኝም። አንቺ ግን፣ ዝናብ የምትወጂው፣
ውሰጂው።»

ሐምሌ ነበር። ጭጋግ ከጮቄ ወርዶ
ጠላ ቤቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን ጋርዶ።
እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ፤ ካሴቱም አሥራ ስድስት ዘፈን፤
ምልክት ነው አልን፣ እኔና ልቤ ተማምነን።

መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩ፤ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሄድ ሰው፣
እግሩ የከበደው፣ የት እንደሚደርስ የረሳው።
ከዚያ ከበሮው፤ ቆዳ አይደለም፣ ቆርቆሮ።
ከዚያ አንድ ወንድ፣ ከጉድጓድ የቀዳውን ድምፅ ጆሮዬ ላይ አንቆርቁሮ...
ቃሉን አላውቀውም፤ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም።
ሙሾ ነው ብዬ ያዝኩት፤ ግን ሬሳ የለ፣ ድንኳን የለም።

ልጣፉ ስለጠፋ፣ ማን ማን እንደሆነ የሚነግር
ስለሌለ፣ ለዓመታት አንድ ቡድን ነው ብዬ ነበር።
አንድ ቤት፣ ብዙ አፍ። ሁለተኛው ላይ የሚጮኸው ታላቅ ወንድም፤
አምስተኛው ላይ የምታንሾካሹከው እህቱ፣ እሱ አይስማማትም፤
ስምንተኛው፣ ከቃል ዝምታ የሚበዛበት፣ አያት ይሆናል፤
አሥራ አንደኛው ሰካራሙ አጎት፤ ሰርግም ላይ ያለቅሳል።

በደብተር ሽፋን ስም አወጣሁላቸው፦
ዝናብ አንድ። ዝናብ ሁለት። ያልተመለሰች ሚስት።
ሻማ ሲቆጥቡ። መነኩሴው በሞተር ብስክሌት።
ዝናብ ሦስት፣ በረዶ የተቀላቀለበት።

ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ አንዱ ቀድቶበታል፣
ስለ ቡሬ በቆሎ ዋጋ ራዲዮ የተናገረው፣ ሁለት ደቂቃ፤
ከዚያ ጊታሩ ይመለሳል፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ።
እስከ ዛሬ የበቆሎ ዋጋ ስሰማ
ጊታር እጠብቃለሁ።

ነሐሴ ላይ የእናቴን የሐዘን ቀሚስ ከሣጥን አውጥቼ፣
ዐይኔን በኩል ከብቤ፣ ጸጉሬን ፈትቼ፣
ገበያ ወጣሁ።
እትዬ ባንቻየሁ ዘምቢላቸውን ጣሉ። «እሜቴ! ማን ሞተብሽ?»
«ማንም።»
«ከሩቅ ነው? ከሞጣ? ለእኛ ሳይነገረን? ንገሪኝ እንጂ፣ አይዞሽ።»
እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ማስረዳት አቃተኝ፤
ሙዚቃ ነው ብል፣ በዚያ ቀሚስ፣ ማን ሊያምነኝ?

ሳይመሽ የእድሩ ዳኛ፣ አቶ መንበሩ፣ በራችን ደረሱ፤
«ድንኳን ይወጣል? ወንበርስ ስንት ይበቃል?» ብለው ዐይናቸውን አበሱ።
እናቴ ቀሚሱን አየች፤ ቀጥላ እኔን።
«ሰው ሳይሞት ጥቁር መልበስ ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤»
አለች። ቆይታ፦ «ያንን ነገር እስኪ ክፈችው።»
ስምንተኛውን ከፈትኩ። አቶ መንበሩ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣
የስንቱን ቀብር ያስተናገደ ጆሯቸውን ሰጡ፣ እስኪያልቅ።
«አልቃሹ ጎበዝ ነው፤» አሉ። «ሟቹ ግን ማነው?»

ዓመታት አልፈው ባሕር ዳር አንድ ካሴት ሰብሳቢ ነገረኝ፦
አሥራ ስድስት ቡድን ናቸው፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ጉርሻ፤
ለጀማሪ የተለቀመ ቅልቅል፣ የመንገድ መነሻ።
አንድ ቤተሰብ ያልኳቸው የአንድ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሆኑ፤
ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስም ሳይጠያየቁ የሄዱ።
የወንድምየውን ሙሉ አልበም አገኘሁ፤ የአያትየውን ሁለት።
አንሾካሻኳ ግን ሌላ ዘፈን የላትም።
ከዚያች ካሴት ውጪ የትም።

ስንሻው ያረፈ ጊዜ ያንኑ ቀሚስ ለበስኩ።
ማንም፣ ማን ሞተብሽ፣ አላለኝም።
ድንኳኑ ውስጥ አልቃሿ ትንፋሿን ልትሰበስብ
ዝም ስትል፣
የቡሬ በቆሎ ስንት ገባ እስኪባል ጠበቅሁ፣
ከዚያ ጊታሩ ይመለሳል ብዬ።